ታነሉ ከተነሳ በኋላ፦ የአዳማ ቢሮና የሞጆ መጋዘን የቪፒኤን ግንኙነት የጉዳይ ጥናት

መነሻው

ይህ የአንድ ድርጅትን ሁለት ቦታዎች በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ውስጥ በሚያልፍ የተመሰጠረ መስመር፣ እንዴት እንዳገናኘን የሚያሳይ ታሪክ ነው፤ መስመሩን ታነል እንለዋለን። ድርጅቱ የግንባታ ዕቃ ያስመጣል። ቢሮው አዳማ ነው፣ ፖስታ ቤት አካባቢ። መጋዘኑ ሞጆ ነው፣ ከደረቅ ወደቡ ብዙም ሳይርቅ። ኮንቴይነሩ ሞጆ ይራገፋል፤ ሽያጭና ሒሳብ አዳማ ይሠራል። ገዢ አዳማ ከፍሎ ሞጆ ሄዶ ይጭናል። በመኪና የግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ወረቀቱ ግን ከዚያ በላይ ይፈጅ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሒሳብ ክፍል ደረሰኙን በስልክ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልካል። የመጋዘኑ ኃላፊ ፎቶውን አይተው መዝገብ ላይ ይጽፋሉ፣ ዕቃውን ያስወጣሉ። ማታ የመዝገቡ ፎቶ ወደ አዳማ ይመለስና ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ እንደገና ይገባል። አንድ ቆርቆሮ ሦስት ቦታ ይጻፋል ማለት ነው። ወር ሲያልቅ ቆጠራውና ሲስተሙ አይገናኙም። ሾፌሮቹም ፀሐይ ላይ ቆመው «ሲስተም የለም» ይባላሉ።

የመጋዘኗ ኃላፊ እድሜያቸው ገፋ ያለ ሴት ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከማናችንም በላይ የሠሩት እሳቸው ስለሆኑ ከወዲሁ ላስተዋውቃቸው ብዬ ነው።

ከእኔ በፊት የተሞከረው

አንድ ባለሙያ የአዳማውን ሰርቨር ሪሞት ዴስክቶፕ (ኮምፒውተሩን ከሩቅ ሆኖ በስክሪን ለመሥራት የሚያስችለውን አገልግሎት) በቀጥታ ለኢንተርኔት ከፍቶት ነበር፤ በሩ ፖርት 3389 ነው። የሞጆው ኮምፒውተር በአዳማው ቋሚ አይፒ (በማይለወጥ የኢንተርኔት አድራሻው) ይገባል። ለጥቂት ሳምንታት ሁሉም ደስ አለው።

በሚያዝያ ወር የተጠራሁት የሒሳብ ኃላፊዋ ጠዋት ጠዋት መግባት ስላቃታቸው ነው። የሰርቨሩን የመግቢያ መዝገብ ስከፍት ያልተሳኩ ሙከራዎች ገጽ በገጽ ተደርድረዋል። የማናውቃቸው ስሞች፣ ከማናውቃቸው አገሮች፣ በየደቂቃው። የኃላፊዋ አካውንት የሚቆለፈው ሌሊቱን ሙሉ ሰው በስማቸው ሲሞክር ስለሚያድር ነበር።

ይህን ቀላል ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው ብዙ ነው፤ «ፓስወርዱ ጠንካራ ነው» ይላል። በግንቦት 2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ብሉኪፕ የተባለው ክፍተት ይፋ ሲሆን ግን፣ በቆዩ ዊንዶውሶች ላይ ምንም ፓስወርድ ሳያስፈልግ በዚሁ በር መግባት ይቻል ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ 3389ን መዝጋት ሆነ። ሞጆ ለጊዜው ወደ ቴሌግራም ተመለሰ። እትዬ አልወደዱትም፤ እውነታቸውን ነው።

የመረጥነው መንገድ

ሁለት ምርጫ ነበረን። አንደኛው እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ የቪፒኤን ፕሮግራም መጫን። ሁለተኛው የአዳማና የሞጆ ጌትዌዮች (የየግቢው ኔትወርክ ወደ ውጭ የሚወጣባቸው ዕቃዎች) እርስ በርስ እንዲገናኙ ማድረግና ከኋላቸው ያለውን ዕቃ ሁሉ እንዳለ መተው። ሞጆ ያለው ፕሪንተርና የአሻራ ማሽን ምንም ፕሮግራም አይጫንባቸውም። ስለዚህ ሁለተኛውን ያዝን።

ለባለቤቱ ያስረዳኋቸው በራሳቸው ሥራ ነው። «ጋሼ፣ ኮንቴይነሩ በሕዝብ መንገድ ነው የሚሄደው፤ ግን ታሽጓል። መንገድ ላይ ያለ ሰው መኪናውን ያያል፣ ውስጡን አያይም። የሚከፈተው መድረሻው ላይ ነው።» ወዲያው ገባቸው። ቀጥለው የጠየቁት ጥያቄ ጥሩ ነበር፦ «ማሸጊያውን የሚያውቀው ማን ነው?»

አዳማ ላይ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ አቆምን፤ ሊኑክስንና ስትሮንግስዋን የተባለውን የቪፒኤን ፕሮግራም ጫንንበት። ሞጆ ላይ ትንሽ ማይክሮቲክ ራውተር ነበረች፣ ከሲም ካርድ በሚሠራ የ4ጂ ሞደም ጀርባ። ሁለቱ የሚግባቡበት ደንብ (ፕሮቶኮሉ) አይፒሴክ፣ ቁልፍ የሚስማሙበት ድርድር አይክ ሁለት፣ ምስጠራው ኤኢኤስ 256። እዚህ ላይ ብዙ አላሰብንም። ለቢሮ የሚሸጥ ራውተር አብዛኛው ይህን ያውቃል።

ምስጠራው ሳይጀመር የገጠመን

ሁለቱም ቦታ 192.168.1 በሚል አድራሻ ነበር የሚሠሩት። ራውተር ሲገዛ እንደመጣው ተሰክቶ ማለት ነው። የሞጆው ኮምፒውተር 192.168.1.10ን ሲፈልግ አጠገቡ ያለ ዕቃ መስሎት እዚያው ይፈልጋል፤ ወደ ጌትዌዩ አይልክም። በዚህ ሁኔታ ታነል ቢነሳም ጥቅም የለውም።

በአድራሻ ትርጉም (መሀል ላይ አንዱን አድራሻ በሌላ በመተካት) ማለፍ ይቻላል። ግን ከዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው ጉዱን አይችለውም። የሞጆን አድራሻ ለመቀየር ወሰንን፣ ዕቃው ትንሽ ስለሆነ፤ 10.20.30 አደረግነው። ኮምፒውተሮቹ ወዲያው ተቀየሩ። ቀኑን የበሉት አድራሻቸው በእጅ የተጻፈባቸው ናቸው፦ ፕሪንተሩ፣ የካሜራው መቅጃ (ዲቪአር) እና የአሻራ ማሽኑ። የአሻራ ማሽኑን ረስተነው ኖሮ በማግስቱ ሠራተኛው ሁሉ ቀሪ ሆኖ ተመዘገበ።

ሁለተኛው ነገር የሞጆው ሞደም ያገኘው አድራሻ በ100.71 የሚጀምር መሆኑ ነው። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው ክልል በ2012 ለኢንተርኔት አቅራቢዎች የውስጥ አገልግሎት የተለየ ነው። ብዙ ደንበኛ አንድ እውነተኛ አድራሻ ይጋራል። ስለዚህ ከውጭ ሞጆን መጥራት አይቻልም። የግድ ሞጆ ጠሪ፣ አዳማ ተጠሪ መሆን ነበረበት። ይህን አስቀድሞ ማየት የግማሽ ቀን ድካም ያተርፋል፤ ከአዳማ በኩል «ለምን አይነሳም» እያሉ ደጋግሞ መሞከር አያስፈልግም።

ታነሉን ማንሳት

በመጀመሪያው ሙከራ የአዳማው ጌትዌይ ከሞጆ የመጣውን የመጀመሪያ መልእክት ተቀበለ፣ መልስ ሰጠ። ከዚያ ጭጭ። ምክንያቱ የእኔ ስህተት ነው። አዳማ ያለው የፋይበር ሞደም ላይ ወደ ጌትዌዩ ያሳለፍኩት ዩዲፒ በተባለው የመላኪያ ዘዴ ፖርት 500ን ብቻ ነበር። ድርድሩ 500 ላይ ይጀምራል። መሀል ላይ የአድራሻ ትርጉም መኖሩ ሲታወቅ ግን ሁለቱም ወደ 4500 ይሻገራሉ። ከዚያ በኋላ የተመሰጠረው ዳታም በዚያው በ4500 ይጓዛል። 4500 ሲከፈት ችግሩ ወደ ቀጣዩ ደረጃ አለፈ።

ቀጣዩ የማንነት ማረጋገጫ ነው። ቁልፉ ሁለቱም ጋ አንድ ነው፤ ሆኖም አዳማ «አላውቅህም» ይላል። ሞጆ ራሱን ያስተዋወቀው በውስጥ አድራሻው ነበር፣ አዳማ ግን የሚጠብቀው ሌላ ነው። ከአድራሻ ትርጉም ጀርባ ያለ ጌትዌይ በስም መታወቅ አለበት። ለሁለቱም ስም ሰጠናቸው፤ ተግባቡ።

ስለ ቁልፉ አንድ ነገር ልበል። መጀመሪያ የቀረበልኝ ቁልፍ የድርጅቱ ስምና ዓመተ ምሕረቱ ነበር፣ በቴሌግራም የተላከ። ጋሼ ስለ ማሸጊያው የጠየቁት ጥያቄ ያኔ ትዝ አለኝ። ኮምፒውተር በዘፈቀደ ያወጣው ባለ 32 ፊደል ቁልፍ አዘጋጀን። በወረቀት ይዤው ሞጆ ሄድኩ፤ መሄዴ ስለማይቀር። ወረቀቱ አሁን አዳማ ካዝና ውስጥ ነው።

ታነሉ ተነሳ። የቢሮው አይቲ ልጅ አጨበጨበ። ግን ከሞጆ ወደ አዳማ ፒንግ (መድረሱን ለማየት የሚላክ የሙከራ መልእክት) አያልፍም። የማይክሮቲኳ ቆጣሪ ላይ በታነሉ የሄደ አንድም ፓኬት (ዳታ ተቆራርጦ የሚላክበት ጥቅል) የለም። ራውተሯ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣውን ሁሉ ምንጭ አድራሻውን ትቀይራለች፤ ማስክሬድ የሚባለው ነው። የእኛም ፓኬት ወደ ታነሉ ከመግባቱ በፊት አድራሻው ይቀየርና ወደ ታነሉ የሚገባውን የሚለየው ደንብ (ፖሊሲው) አያውቀውም። ሳይታሸግ በክፍት መንገድ ይወጣል። ከማስክሬዱ በላይ «ወደ አዳማ የሚሄደውን አትንኪ» የሚል ደንብ ጨመርን። ፒንግ አለፈ። መመሪያው ላይ ይህ በግልጽ ተጽፏል፤ ቀድመን ማንበብ ነበረብን።

ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ ይቀራል

ፒንግ አለ። ሪሞት ዴስክቶፕ ግን ይከፈትና ጥቁር ስክሪን ላይ ይቀራል። የጋራ ፎልደር ስሞቹን ያሳያል፣ ፋይል ሲነካ ይደርቃል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ አሁን መጀመሪያ የማስበው የፓኬት መጠን ነው።

ማሸጊያው ቦታ ይወስዳል። አዲስ የአይፒ ራስጌ (ከፓኬቱ ፊት የሚቀመጥ የአድራሻ መረጃ)፣ የዩዲፒ ራስጌ፣ የምስጠራው መነሻና ማረጋገጫ ሲደመር ወደ 70 ባይት ይጠጋል። ሙሉ መጠን ያለው ፓኬት ላይ ይህ ሲጨመር በመስመሩ አይገባም። «ትልቅ ነው፣ ቀንስ» የሚለው መልስ ደግሞ መንገድ ላይ ሲታገድ ላኪው ምንም ሳያውቅ ይጠብቃል።

መለኪያው ቀላል ነው። ፒንግን «አትቆራረጥ» ብሎ መጠኑን ከፍ ዝቅ ማድረግ። በእኛ መስመር 1362 አለፈ፣ 1363 አላለፈም። በ1362 ላይ የፒንጉ 28 ባይት ራስጌ ሲጨመር 1390 ነው። ከዚያ የቲሲፒና የአይፒ ራስጌ 40 ሲቀነስ 1350 ይቀራል። ትንሽ ትርፍ ትተን ጌትዌዮቹ የቲሲፒውን ኤምኤስኤስ (በአንድ ፓኬት የሚጫነውን የዳታ ጣሪያ) ወደ 1340 እንዲያወርዱ አደረግን። ስክሪኑ ወዲያው በራ።

ሠላሳ ደቂቃ

ከሁሉ ያደከመን ይህ ነው። ሰኞ ጠዋት ሥራ ተጀመረ። እትዬ ሪሞት ዴስክቶፕ ገብተው የመውጫ ወረቀት አተሙ። ብዙም ሳይቆይ ስልክ ተደወለ። «ልጄ፣ ሄደብኝ።» ራውተሩን አጥፍተው እንዲያበሩ ነገርኳቸው። ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ፣ «ልጄ፣ እንደገና ሄደብኝ።»

አጥፍቶ ማብራት የሚያድነው ነገር ሲኖር ዕቃውን መጠርጠር ይቀላል። መጋዘኑ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ ወሩ ሚያዝያ ነው፣ ራውተሯ ደግሞ ከጣሪያው ሥር ተሰቅላለች። በሙቀት ነው አልን። ወደ ታች አወረድናት፣ ቬንቲሌተር አዞርንባት። አልተለወጠም። የ4ጂ መስመሩን ጠረጠርን፤ ሲም ቀየርን። አልተለወጠም። ሁለት ቀን ሄደ።

የፈታው የእትዬ ደብተር ነው። ማንም ሳያዝዛቸው የተቋረጠበትንና ያበሩበትን ሰዓት እየጻፉ ነበር፣ ሾፌሮቹ ሲጠይቁ ለማሳየት። ደብተሩን ሳነብ፦ በ3፡05 በራ፣ በ3፡35 ሄደ። በ3፡41 በራ፣ በ4፡11 ሄደ። በ4፡20 በራ፣ በ4፡50 ሄደ። ሙቀት እንዲህ ሰዓት አይጠብቅም።

ሎጉን (የአዳማው ጌትዌይ የሚጽፈውን የክንውን መዝገብ) ቀደም ብለን አይተነው ነበር፤ ግን የተሳሳተ ቦታ ላይ። የእትዬ 3 ሰዓት በአይቲው ልጅ ስልክ 9 ሰዓት ነው። ሊኑክሱ ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚጽፍ 6 ሰዓት ይላል። ልጁ የፈለገው 9 ሰዓት ላይ ነበር፤ ያ ለእትዬ እኩለ ቀን ነው፣ የምሳ ሰዓት፣ ሰው ያልነካው። ትክክለኛው ቦታ ላይ ስንሄድ ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጽፎ አገኘነው፦ ያቀረብከው ምርጫ ተቀባይነት የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታነሉ ዳታ የሚያመሰጥርበት ቁልፍ ዕድሜ አለው። በማይክሮቲኳ ነባር ቅንብር (ከፋብሪካ ይዛው በመጣችው) 30 ደቂቃ ነው፤ 24ኛው ደቂቃ ላይ መታደስ ይጀምራል። ሲታደስ ፒኤፍኤስ (አዲሱ ቁልፍ ከአሮጌው እንዳይወጣ የሚያደርገው ምርጫ) ከተመረጠ አዲስ የዲፊ–ሄልማን ልውውጥ፣ ማለትም ሁለቱ ቁልፉን ራሱን ሳይላላኩ የጋራ ቁልፍ የሚያወጡበት ስሌት፣ ይደረጋል። የራውተሯ ነባር ምርጫ የ1024 ቢት ቡድን (የስሌቱ ቁጥር መጠን) ነበር። አዳማ ላይ እኔ ያስገደድኩት 2048 ነው። አልተስማሙም፤ 30ኛው ደቂቃ ላይ ቁልፉ ሞተ።

ታዲያ መጀመሪያ እንዴት ተነሳ? የአይክ ሁለት ባሕርይ ነው። የመጀመሪያው የዳታ ቁልፍ ከመግቢያው ድርድር ስለሚወጣ የተለየ ልውውጥ አያደርግም። ስለዚህ በፒኤፍኤስ አለመስማማት መጀመሪያ ላይ አይታይም፤ የሚታየው በመጀመሪያው እድሳት ነው። ራውተሩ ሲጠፋና ሲበራ ሁሉም ከመግቢያው ይጀምራል፤ ለሌላ 30 ደቂቃ ይሠራል። ራሳችን ችግሩን እየደበቅን ነበር።

ማይክሮቲኳን ወደ 2048 አወጣናት። 1024ን ወደ ታች መቀበል ያቀልል ነበር፤ ግን ከ2015 ወዲህ ያ ቡድን ደካማ መሆኑ በግልጽ ይታወቃል። የቁልፉን ዕድሜ ወደ አንድ ሰዓት አደረግነው። ያን ቀን እስከ ማታ ስልክ አልተደወለም። እኔ ራሴ 11 ሰዓት ላይ ደወልኩ፣ ስላላመንኩት።

ያልሠራው

ፒችትሪን በጋራ ፎልደር በታነሉ ላይ ለመክፈት ሞክረን ነበር። ለመከፈት ብቻ ደቂቃዎች ፈጀ። ፕሮግራሙ ዳታውን በትንሽ በትንሹ እየጠየቀ ነው የሚያነበው፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ደግሞ ደርሶ መልስ ነው። መስመሩ መሀል ላይ ቢቋረጥ የሒሳብ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ተውነው። ፕሮግራሙ አዳማ ላይ ይሠራል፣ ሞጆ ስክሪኑን ብቻ ያያል።

ካሜራውን በታነሉ ማሳየትም አልሆነም። ሙሉ ቀን ሲታይ የሲሙን ጥቅል ይበላዋል፤ ሪሞት ዴስክቶፑም ይንቀረፈፋል። ባለቤቱ አዝነዋል። አስፈላጊ ሲሆን ቀረጻው በፍላሽ ይመጣል።

ከቁልፍ ወደ ሰርተፊኬት (ማንነት የሚያረጋግጥ፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ያለው ዲጂታል ሰነድ) ለመሻገርም ሞከርን። ሁለት ቀን ሠራ። ሦስተኛው ቀን ሞጆ መብራት ጠፋ። ሲመለስ የራውተሯ ቀን ወደ 1970 ተመልሷል፤ ሰርተፊኬቱ ገና «አልተወለደም»። ሰዓቷን እንድታስተካክል ያዘዝናት ከአዳማው ሰርቨር ነበር፣ በታነሉ በኩል። ታነሉ ሰዓት ይፈልጋል፣ ሰዓቱ ታነል ይፈልጋል። ሰዓቷን ከታነሉ ውጭ በቀጥታ ከኢንተርኔት እንድትወስድ አድርገናል። ሰርተፊኬቱን ግን ለጊዜው ወደ ቁልፍ መልሰነዋል።

ለሌላ ሥራ የያዝኩት

ከዚህ በኋላ ታነል ሳስረክብ «ተነሳ» ብዬ አልሄድም። ቁልፉ ቢያንስ ሁለት ጊዜ እስኪታደስ እጠብቃለሁ። ትልቅ ፋይል በሁለቱም አቅጣጫ እልካለሁ። ከዚያ ሁለቱንም ጌትዌይ በየተራ ከሶኬት እነቅላለሁ፤ በሥርዓት ማጥፋት አይደለም፣ መብራት እንደሚጠፋው። ማንም ሳይነካው ካልተመለሰ አላለቀም። እኛ አገር መብራት መጥፋቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ይህ ፈተና ከሁሉ አይቀሬው ነው።

ነባር ቅንብርን አላምንም። በሁለት የተለያዩ አምራቾች ዕቃ መካከል ሲሠራ የምስጠራውን ዓይነት፣ ቡድኑን፣ ዕድሜውን በወረቀት ጎን ለጎን እጽፋለሁ፤ ዝም ብሎ የተተወ ቦታ አይኖርም። አንድ ሰንጠረዥ ቢኖረን ኖሮ 1024 እና 2048 ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር።

አዲስ ቢሮ የሚከፍት ሰው ካማከረኝም ከመጀመሪያው ቀን 192.168.1ን እንዳይጠቀም እለምነዋለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ቅርንጫፍ እንደሚከፍት ማን ያውቃል። መቀየሩ ዕቃ ሳይበዛ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሌላው ታነል ሁለት ግቢን አንድ ግቢ ያደርጋል፤ ሌባውንም ጭምር። በግንቦት 2017 ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተሠራጨው አንዱ ኮምፒውተር በፖርት 445 (በፋይል መጋሪያው በር) ሌላውን እያገኘ ነው። ስለዚህ ከሞጆ ወደ አዳማ የሚፈቀደው ወደ ሰርቨሩ 3389 ብቻ ነው። ከአዳማ ወደ ሞጆ ደግሞ ወደ ፕሪንተሩ 9100 ብቻ። ፋይል መላላክ የሚፈልግ ሰርቨሩ ላይ ይሠራዋል። ሠራተኛው መጀመሪያ አጉረመረመ፤ አሁን ለምዶታል።

የሰዓቱንም ነገር ቀላል አታድርጉት። ከመጋዘን፣ ከጥበቃ፣ ከካሸር የሚመጣ ሰዓት የእኛ ሰዓት ነው። ስቀበል «ከጠዋቱ ስንት» ብዬ እጠይቃለሁ፣ ሎጉ በየትኛው ሰዓት እንደሚጽፍም አስቀድሜ አያለሁ።

አሁን ያለበት

ደረሰኙ አዳማ ሲቆረጥ የመውጫው ወረቀት ሞጆ ይታተማል። ሾፌሩ ሳይደርስ ዕቃው ይዘጋጃል። የግንቦት ቆጠራ ከሲስተሙ ጋር በጥቂት ዕቃ ብቻ ነው የተለያየው፤ ልዩነቱም የመቁጠር ስህተት ሆኖ ተገኘ። ሞጆ ላይ ዩፒኤስ ተገዝቷል። ተጠባባቂ ሲም ግን ገና ነው።

እትዬ ደብተራቸውን አላቆሙም። ባለፈው ስሄድ አሳዩኝ። ከሰኔ ወዲህ የተመዘገበው መቋረጥ ሦስት ነው። ከሦስቱም ጎን በእጃቸው «መብራት» የሚል ተጽፎበታል፤ «ራሱ ተመለሰ» የሚልም።